የባይት ቅደም ተከተል፦ ከማሽን ወደ ማሽን ለሚዘዋወር ፋይል የትኛው መንገድ ይሻላል?

አንድ ፕሮግራም 256 የሚለውን ቁጥር በአራት ባይት ፋይል ላይ ያሰፍራል። ፋይሉ ወደ ሌላ ማሽን ይሄድና እዚያ ያለው ፕሮግራም ሲከፍተው 65,536 ብሎ ያነበዋል። በመንገድ ላይ የጠፋ ባይት የለም፤ የቅጂ ስህተትም አልተፈጠረም። አንደኛው ማሽን አራቱን ባይቶች ከትልቁ (በቁጥሩ ውስጥ ከፍተኛውን የቦታ ዋጋ ከያዘው ባይት) ወደ ትንሹ፣ ሌላው ደግሞ ከትንሹ ወደ ትልቁ ስለሚደረድር ብቻ ነው። ትልቁን የሚያስቀድመው አደራደር ቢግ ኤንዲያን ይባላል፤ 256ን 0፣ 0፣ 1፣ 0 ብሎ ይጽፈዋል። ትንሹን የሚያስቀድመው ሊትል ኤንዲያን ሲሆን ያንኑ ቁጥር 0፣ 1፣ 0፣ 0 ብሎ ያስቀምጠዋል። ሁለቱም በየቤታቸው ትክክል ናቸው። ጣጣው የሚጀምረው ፋይሉ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ሲሻገር ነው።

ስያሜዎቹን በ1980 ባወጣው ጽሑፍ ያስለመደው ዳኒ ኮኸን ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የእርሱ ሐሳብ ዛሬም አላረጀም፦ የትኛው አደራደር ይመረጥ ከሚለው ይልቅ በአንዱ መስማማቱ ይበልጣል። ከዚህ በታች ያለው ንጽጽር የሚያተኩረውም በዚሁ ስምምነት ላይ ነው። ስምምነቱን ፋይሉ ይሸከመው፣ ጸሐፊው ይሸከመው ወይስ አንባቢው?

ለቸኮለ ሰው ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ለመረጃው የሚስማማ፣ የታወቀና የተፈተነ ቅርጸት ካለ እርሱን ይጠቀሙ። ከሌለና የራስዎን ሁለትዮሽ ቅርጸት (ቁጥሮችን በጽሑፍ ሳይሆን በቀጥታ በባይት የሚያስቀምጥ) መንደፍ ግድ ከሆነ፣ አንድ ቅደም ተከተል ብቻ ይደንግጉ፤ አዲስ ከሆነ ሊትል ኤንዲያን ይሁን። ጸሐፊው እንደፈለገ ጽፎ ምልክት የሚያኖርበትን መንገድ ግን፣ ምንም ያህል ደግ ቢመስል፣ ከመምረጥ በፊት ሁለት ጊዜ ያስቡበት።

ማን በየትኛው ወገን ነው?

በጠረጴዛችንና በኪሳችን ያሉት ማሽኖች ከሞላ ጎደል ሁሉም ሊትል ኤንዲያን ናቸው። ኢንቴል በ1978 ካወጣው 8086 የተወለዱት ፕሮሰሰሮች፣ የኤኤምዲዎቹን ጨምሮ፣ በዚሁ መስመር ቀጥለዋል። የአርም ፕሮሰሰሮች በሁለቱም መሥራት ይችላሉ፤ ነገር ግን ስልኮችና አዳዲሶቹ የአፕል ኮምፒውተሮች በሊትል ኤንዲያን ነው የሚያሠሯቸው። ሪስክ-ፋይቭም መደበኛ ምርጫው ይኸው ነው።

በሌላው ወገን፣ በ1964 ይፋ ከተደረገው ሲስተም/360 የሚወርደው የአይቢኤም ሜይንፍሬም ቤተሰብ እስከ ዛሬ ቢግ ኤንዲያን ሆኖ ቀጥሏል። የመጀመሪያው ማኪንቶሽ የተሠራበት ሞቶሮላ 68000፣ የሰን ስፓርክ፣ እንዲሁም ፓወርፒሲ በዘመናቸው ከዚሁ ወገን ነበሩ። አፕል በ2006 ኮምፒውተሮቹን ወደ ኢንቴል ማዛወር ሲጀምር ትልቅ ጦር ከድቶ ወደ ወዲያኛው ሰፈር ገባ። የአይቢኤም ፓወር ማሽኖችም ቢሆኑ ሊኑክስ ሲጫንባቸው አሁን በአብዛኛው በሊትል ኤንዲያን ይሠራሉ። ሁለቱንም ወገን ያላስደሰተ ሦስተኛም ነበር፦ ፒዲፒ-11 የተባለው ማሽን ባለ አራት ባይት ቁጥርን በሁለት በሁለት ከፍሎ ያስቀምጥ ስለነበር፣ ከትልቁ ጀምሮ 1፣ 2፣ 3፣ 4 መሆን የነበረባቸው ባይቶች 2፣ 1፣ 4፣ 3 ሆነው ይገኙ ነበር።

አንደኛው ወገን በማሽን ብዛት ካሸነፈ ታዲያ ምን ያስጨንቃል? የሚያስጨንቀው ፋይል ከማሽን በላይ ዕድሜ ስላለው ነው። ቢግ ኤንዲያን በፕሮሰሰር ገበያ ቢሸነፍም በፋይልና በኔትወርክ ዓለም በሰፊው ይኖራል። የኢንተርኔት መሠረታዊ ፕሮቶኮሎች በዚያ ይጽፋሉ። የፒኤንጂ ምስል፣ የተጠናቀረ የጃቫ ክላስ ፋይል፣ የኤስኪውላይት ዳታቤዝ፣ የአየር ትንበያ ተቋማት የሚለዋወጡት ግሪብ የተባለው ቅርጸት ሁሉም ቢግ ኤንዲያን ናቸው። ዌቭ የድምፅ ፋይል፣ ዚፕ እና ቢኤምፒ ደግሞ ሊትል ኤንዲያን ናቸው። ፒኤንጂ የሚከፍት ማንኛውም ላፕቶፕ ሳናውቀው በየቀኑ ድንበር ይሻገራል ማለት ነው።

የማይጮኸው ስህተት

መንገዶቹን ከማነጻጸር በፊት ስህተቱ ምን እንደሚመስል በቅርብ ማየት ይጠቅማል፤ ምርጫውን የሚወስነው አንድም ይኸው ነውና።

ሙሉ ቁጥር ተገልብጦ ሲነበብ ብዙ ጊዜ ዐይን ያወጣል። 1 የነበረው 16,777,216 ሲሆን ማንም ይደነግጣል። የነጥብ ቁጥር ግን ተንኮለኛ ነው። 1.0 በአራት ባይት፣ በተለመደው የአይትሪፕልኢ 754 ደንብ ሲጻፍ 63፣ 128፣ 0፣ 0 ነው። ተገልብጦ 0፣ 0፣ 128፣ 63 ተብሎ ሲነበብ ከዜሮ የማይለይ እጅግ ኢምንት ቁጥር ይሆናል፤ ከነጥብ በኋላ አርባ ዜሮ ተደርድሮ 46 እንደ ማለት ነው። ፕሮግራሙ በስድስት አኃዝ ሲያትመው 0.000000 ብቻ ይታያል። ተመልካቹ መለኪያው ተበላሽቷል ወይም መረጃው አልተሰበሰበም ብሎ ያልፋል። ማንም የባይት ቅደም ተከተልን አይጠረጥርም።

ይባስ ብሎ አንዳንድ ዋጋዎች በሁለቱም አቅጣጫ አንድ ናቸው። ዜሮ ተገለበጠም አልተገለበጠም ዜሮ ነው። ምልክት ባለው ሙሉ ቁጥር -1 አራቱም ባይቶቹ 255 ስለሆኑ እርሱም አይለወጥም። ጽሑፍ በአንድ አንድ ባይት የተቀመጠ ከሆነም አይነካም። ስለዚህ የፋይሉ ስም፣ የአዘጋጁ ማስታወሻና ባዶ ሕዋሶቹ በትክክል ይነበባሉ፤ ሰውም ፋይሉ ደኅና ነው ብሎ ይረጋጋል።

በዚህ ረገድ ፎርትራን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የሚጽፋቸው ጥንታዊ ሁለትዮሽ ፋይሎች ሳያስቡት ውለታ ይውላሉ። በተለመዱት ኮምፓይለሮች (ኮድን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚለውጡ ፕሮግራሞች) እያንዳንዱ መዝገብ ፊትና ኋላው ላይ ርዝመቱን የያዘ ቁጥር አለው። 800 ባይት ርዝመት ያለው መዝገብ ተገልብጦ ሲነበብ 537,067,520 ባይት ነው ተብሎ ይታሰባል፤ ፕሮግራሙም ወዲያው ይወድቃል። ወዲያው የሚወድቅ ፕሮግራም በጸጥታ ከሚዋሽ ፕሮግራም በእጅጉ ይሻላል።

አንደኛው መንገድ፦ ሁሉንም በጽሑፍ መጻፍ

ሲኤስቪ፣ ጄሰን እና መሰል የጽሑፍ ቅርጸቶች በዩቲኤፍ-8 (ፊደላትን በባይት የመጻፊያ ደንብ) ከተጻፉ የባይት ቅደም ተከተል ጥያቄ ከሥሩ ይጠፋል፤ ዩቲኤፍ-8 በባይት ተራ የተደነገገ ስለሆነ የሚገለበጥ ነገር የለውም። ሰው በዐይኑ ያነበዋል፣ በማንኛውም ቋንቋ ይከፈታል፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላም ይገባል። መረጃው ጥቂት ሜጋባይት ከሆነ ሌላ መንገድ መፈለግ ራስን ማድከም ነው።

ዋጋው የሚከፈለው ሌላ ቦታ ነው። ባለ ስምንት ባይት የነጥብ ቁጥርን ወደ ጽሑፍ ለውጦ ሳይዛነፍ ለመመለስ እስከ 17 አኃዝ ያስፈልጋል፤ ለባለ አራት ባይቱ 9 ይበቃል። ብዙ ፕሮግራሞች ግን ሳይነገራቸው ስድስት አኃዝ ጽፈው ያቆማሉ። ያኔ የባይት መገለባበጥን ሸሽቶ የትክክለኝነት መሸርሸር ውስጥ መግባት ይሆናል። በ17 አኃዝ ሲጻፍ ደግሞ 8 ባይት የነበረው ከነምልክቱና ከነመለያው ሃያ ምናምን ባይት ይሆናል። በጄሰን ላይ አንድ ሌላ ወጥመድ አለ፦ ከ9,007,199,254,740,992 በላይ የሆኑ ሙሉ ቁጥሮች ጃቫስክሪፕት ውስጥ ሲነበቡ ሊጠጋጉ ይችላሉ፤ ረጃጅም መለያ ቁጥሮች ካሉ እንደ ጽሑፍ መያዝ ይኖርባቸዋል።

ጽሑፍ ሁሉ ግን ከዚህ ችግር ነፃ አይደለም። ዩቲኤፍ-16 በሁለት በሁለት ባይት ስለሚጽፍ ቅደም ተከተሉ ይለያያል፤ የግእዝ ፊደል ላለው ሰነድ ደግሞ ውጤቱ አስገራሚ ነው። «ለ» በቢግ ኤንዲያን 18፣ 8 ናት። ተገልብጣ ስትነበብ ከሳምራውያን ፊደላት አንዷ ትሆናለች። «መ» የሞንጎልያ አኃዝ ሁለትን ትመስላለች፤ «ሐ» የበርማ ፊደል ትሆናለች፤ «ሀ» ጭራሽ የማይታይ የመቆጣጠሪያ ምልክት ሆና ትሰወራለች። እነዚህ ሁሉ በዩኒኮድ ውስጥ ሕጋዊ ቦታ ስላላቸው ፕሮግራሙ ስህተት ነው ብሎ አይጮኽም። ለዚህ ነው በዩቲኤፍ-16 ፋይሎች መጀመሪያ ላይ የቅደም ተከተል ምልክት የሚቀመጠው፦ 254፣ 255 ከሆነ ቢግ ኤንዲያን፤ 255፣ 254 ከሆነ ሊትል ኤንዲያን። ሁለት እንዲህ ያሉ ፋይሎች ተቀጣጥለው አንድ ሲሆኑ የሁለተኛው ምልክት መሀል ላይ ተቀርቅሮ ይቀራል፤ ይህም ሌላ ራስ ምታት ነው። ለልውውጥ ዩቲኤፍ-8 ይጠቀሙ፤ ነገሩ ያልቃል።

ሁለተኛው መንገድ፦ ከማህደረ ትውስታ እንዳለ ማፍሰስ

በሲ ቋንቋ አንድ ስትራክት (የተለያዩ መስኮችን አንድ ላይ የያዘ መዋቅር) ወስዶ በአንድ ትእዛዝ ወደ ፋይል ማፍሰስ ይቻላል። ፈጣን ነው፣ ኮዱም አንድ መስመር ነው። ፋይሉን የጻፈው ፕሮግራም ራሱ፣ በዚያው ማሽን፣ በዚያው ቀን የሚያነበው ጊዜያዊ ክምችት ከሆነ ነውር የለውም።

ለልውውጥ ግን አይሆንም፤ ምክንያቱም የባይት ቅደም ተከተል ብቻ አይደለም። ኮምፓይለሩ በስትራክቱ አባላት መካከል ባዶ ባይት ይሰገስጋል፤ የሚሰገስገው ልክ ከመድረክ መድረክ ይለያያል። «ሎንግ» የተባለው የቁጥር ዓይነት በ64 ቢት ሊኑክስ ስምንት ባይት ሲሆን በ64 ቢት ዊንዶውስ አራት ነው። ሁለቱም ሊትል ኤንዲያን ሆነው፣ በአንድ ዓይነት ፕሮሰሰር ላይ ተቀምጠው እንኳን አይግባቡም። በቢት የተከፋፈሉ አባላት ካሉ ድርድራቸው በኮምፓይለሩ ፈቃድ ነው። ስለዚህ «የእኛ ማሽኖች ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው» የሚለው መከራከሪያ ግማሽ እውነት ብቻ ነው። የፓይተን ተጠቃሚዎችም ከዚህ አያመልጡም፦ ነምፓይ በተባለው የፓይተን የቁጥር ላይብረሪ «ቱፋይል» በሚባለው ትእዛዝ የተጻፈ ፋይል ጥሬ ባይቶች ብቻ ነው፤ ዓይነቱንም ቅደም ተከተሉንም አይዝም። የዚያው የነምፓይ የራሱ ቅርጸት ግን ሁለቱንም ራስጌው (የፋይሉ መግቢያ ክፍል) ላይ ይመዘግባል፤ በሁለቱ መካከል ያለው የድካም ልዩነት ደግሞ ኢምንት ነው።

ሦስተኛው መንገድ፦ አንድ ቅደም ተከተል መደንገግ

በዚህ መንገድ ፋይሉ ሁልጊዜ አንድ ገጽታ አለው። ማሽኑ ማንም ይሁን ማን፣ ጸሐፊው በተደነገገው ይጽፋል፣ አንባቢውም በዚያው ያነባል። የሰን ኩባንያ ኤክስዲአር የተባለው ደንብ በ1987 ይፋ ሲሆን ሁሉንም በቢግ ኤንዲያን፣ በአራት ባይት ብዜት ብሎ ደነገገ፤ የሳይንስ መረጃ የሚቀመጥበት የኔትሲዲኤፍ ጥንታዊ ቅርጸትም በዚያው መንገድ ሄዷል።

ዋናው ተቃውሞ ከፍጥነት ጋር ይያያዛል፦ ሁለቱም ማሽኖች ሊትል ኤንዲያን ሆነው ፋይሉ ቢግ ኤንዲያን ከሆነ፣ ጸሐፊው ይገለብጣል፣ አንባቢው መልሶ ይገለብጣል፤ ሁለት ከንቱ ድካም። በጽንሰ ሐሳብ ትክክል ነው። በተግባር ግን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ከ486 ጀምሮ አራት ባይት የሚገለብጥ የራሱ ትእዛዝ አላቸው፤ ከዲስክ የማንበቡ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ የመገለባበጡን ይውጠዋል። ፍጥነት የእውነት የሚያሳስበው ፋይሉን ወደ ማህደረ ትውስታ ቀጥታ ዘርግቶ ያለ ምንም ለውጥ መጠቀም ሲፈለግ ነው። ለአዲስ ቅርጸት ሊትል ኤንዲያንን የምመርጠው በዚህ ምክንያት ነው፦ ከዛሬዎቹ ማሽኖች አብዛኞቹ ምንም አይከፍሉም።

ቢግ ኤንዲያን የሚሻልበት አንድ ጥሩ ምክንያት አለ፤ ብዙ ሰው ግን ይረሳዋል። ምልክት የሌላቸው ቁጥሮች በቢግ ኤንዲያን ሲጻፉ የባይት በባይት ንጽጽራቸው ከቁጥር ቅደም ተከተላቸው ጋር አንድ ይሆናል። ቁልፎችን እንደ ተራ ባይት በሚደረድር ዳታቤዝ ውስጥ ቁጥርን ቁልፍ ለማድረግ ይህ ግድ ነው። ሊትል ኤንዲያን ተጽፎ ቢሆን 256 ከ1 ቀድሞ ይቀመጥ ነበር።

ኮዱ እንዴት ይጻፍ? ብዙዎች መጀመሪያ ማሽኑን «አንተ የየትኛው ወገን ነህ?» ብለው ይጠይቁና በመልሱ ይገለብጣሉ። አያስፈልግም። ባይቶቹን በተራ አንብቦ ዋጋውን በስሌት መገንባት ይበቃል። ለሊትል ኤንዲያን ፋይል፦

ዋጋ = ባይት0 + ባይት1 × 256 + ባይት2 × 65,536 + ባይት3 × 16,777,216

ይህ ስሌት በየትኛውም ማሽን አንድ መልስ ይሰጣል፤ ምክንያቱም የሚናገረው ስለ ፋይሉ እንጂ ስለ ማሽኑ አይደለም። ዘመናዊ ኮምፓይለሮች በማባዛት ፋንታ በቢት ማዘዋወር የተጻፈውን ይህን ንድፍ አውቀው ወደ አንድ ንባብ ይጠቀልሉታል። በሲ ሲጻፍ አንድ ጥንቃቄ አለ፦ አራተኛው ባይት 128 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ውጤቱ ምልክት ካለው ባለ 32 ቢት ቁጥር አቅም ያልፋል፤ ስለዚህ ከመባዛቱ በፊት ምልክት ወደሌለው ዓይነት መቀየር አለበት።

በፓይተን «ስትራክት» የተባለው ሞጁል ይህን ሁሉ ያቀልላል፤ ነገር ግን ቅደም ተከተሉ ካልተነገረው የማሽኑን ልማድ ይከተላል፣ ባዶ ባይትም ይጨምራል። በቅርጸቱ መግለጫ መጀመሪያ ላይ «ያንሳል» የሚለውን የሒሳብ ምልክት ማስቀመጥ ሊትል ኤንዲያን፣ «ይበልጣል» የሚለውን ማስቀመጥ ቢግ ኤንዲያን ያደርገዋል። ይህችን አንዲት ምልክት መዝለል የለመዱ ሰዎች ኮዳቸው ለዓመታት ይሠራል፤ የማይሠራበት ቀን ሲመጣ ግን ጻፊው መሥሪያ ቤቱን ለቅቆ ሄዷል።

አራተኛው መንገድ፦ በራሴ ልጻፍ፣ ምልክት ልተው

ጸሐፊው ለማሽኑ በሚቀለው ይጽፋል፤ ፋይሉ መጀመሪያ ላይ የትኛውን እንደተጠቀመ ያመለክታል፤ አንባቢው ካስፈለገው ይገለብጣል። በ1986 የወጣው ቲፍ የምስል ቅርጸት የታወቀ ምሳሌ ነው፦ በኢንቴል ወይም በሞቶሮላ ስም የመጀመሪያ ፊደል፣ ሁለት ጊዜ ተደግሞ፣ ይጀምራል። በሊኑክስ የሚሠሩ ፕሮግራሞች የሚቀመጡበት ኤልፍ ቅርጸትም ለዚህ አንድ ባይት መድቧል፤ 1 ከሆነ ሊትል፣ 2 ከሆነ ቢግ ኤንዲያን ነው።

ምልክቱ በይፋ ባይኖርም አንዳንድ ጊዜ ከታወቀ ቁጥር ይገኛል። የአንጎል ምስሎች የሚቀመጡበት ኒፍቲ-1 ቅርጸት የመጀመሪያው ቁጥሩ የራስጌው ርዝመት ነው፤ ሁልጊዜ 348። አንባቢው 348 ካገኘ ይቀጥላል፤ 1,543,569,408 ካገኘ ፋይሉ በሌላው አቅጣጫ የተጻፈ መሆኑን አውቆ ይገለብጣል። ብልህ ዘዴ ነው።

የዚህ መንገድ ጥቅም አንድ ዓይነት ማሽኖች እርስ በርስ ሲለዋወጡ ማንም አለመገልበጡ ነው። ሁለቱም ወገኖች እኩል በነበሩበት ዘመን ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ዛሬ ግን የጎን ጉዳቱ ያመዝናል። አንባቢ የሚጽፍ ሁሉ ሁለት መንገድ መጻፍ አለበት፤ ከሁለቱ አንዱ ደግሞ በገንቢው ማሽን ላይ በጭራሽ አይሮጥም። ያልተሮጠ ኮድ ትክክል መሆኑን ማን ያውቃል? አንዱን መስክ መገልበጥ መርሳት፣ ሌላውን ሁለት ጊዜ መገልበጥ፣ የምስሉን ራስጌ ገልብጦ ነጥቦቹን መተው፤ እነዚህ ሁሉ እንቅልፍ ላይ ያሉ ስህተቶች ናቸው፤ አንድ ቀን ከሜይንፍሬም የመጣ ፋይል እስኪቀሰቅሳቸው ድረስ። የሕክምና ምስሎች ደንብ የሆነው ዳይኮም በአንድ ወቅት ሁለቱንም ይፈቅድ ነበር፤ ኋላ ግን ቢግ ኤንዲያኑን ከአገልግሎት አሰናበተው። ትክክለኛ ውሳኔ ይመስለኛል።

በዚህ ዘርፍ አንድ እንግዳ ዘመድ አለ። የሲዲ ፋይል ሥርዓት የሆነው አይኤስኦ 9660 ብዙዎቹን ቁጥሮች ሁለት ጊዜ ይጽፋቸዋል፤ መጀመሪያ በሊትል፣ ቀጥሎ በቢግ ኤንዲያን። ሁሉም የሚመቸውን ያነባል። ለጥቂት የራስጌ ቁጥሮች ይቻላል፤ ለመረጃው ሁሉ ግን እጥፍ ቦታ ነው፤ ሁለቱ ቅጂዎች ባይስማሙ የቱ ይታመን የሚለው ጥያቄም አለ።

አምስተኛው መንገድ፦ የተዘጋጀ ዕቃ መጠቀም

ከላይ ያለውን ጭንቀት ሁሉ ሌሎች ተጨንቀውበት ጨርሰዋል። ምርጫው በመረጃው ዓይነት ይወሰናል።

ለትልልቅ የሳይንስ ድርድሮች ኤችዲኤፍ5 እና በእርሱ ላይ የተገነባው ኔትሲዲኤፍ-4 አሉ። ኤችዲኤፍ5 የእያንዳንዱን መረጃ ዓይነትና ቅደም ተከተል እዚያው ፋይሉ ውስጥ ይመዘግባል፤ ላይብረሪው ሲያነብ ራሱ ይገለብጣል። ይህ በመሠረቱ አራተኛው መንገድ ነው። ልዩነቱ ሁለቱን መንገዶች የሚጽፈውና የሚፈትነው አንድ ላይብረሪ ሆኖ ሺዎች መጠቀማቸው ነው። የተቃወምኩት ምልክቱን ሳይሆን እያንዳንዱ አንባቢ ለብቻው እንዲታገልበት መደረጉን ነው።

ለሰንጠረዥ መረጃ ኤስኪውላይት ወይም ፓርኬት ይስማማሉ። የኤስኪውላይት ፋይል ሙሉ በሙሉ የተደነገገ ስለሆነ ከሜይንፍሬም ወደ ስልክ እንዳለ ተቀድቶ ይከፈታል። ይህ የዳታቤዝ ሁሉ ጠባይ አይደለም፦ የፖስትግሬስ የመረጃ ማውጫ እንዳለ ተቀድቶ ሌላ ቅደም ተከተል ባለው ማሽን ላይ አይነሳም፤ በራሱ ማውጫ መሣሪያ ወደ ጽሑፍ ወይም ወደ ተንቀሳቃሽ ቅርጸት ማውጣት ያስፈልጋል።

ለአነስተኛ መልእክቶች ፕሮቶኮል በፈርስ ጥሩ ነው። ብዙዎቹን ሙሉ ቁጥሮች የሚጽፈው በሰባት በሰባት ቢት ከፋፍሎ፣ ከትንሹ ጀምሮ ነው፤ 300 ሁለት ባይት ብቻ ይወስዳል፦ 172፣ 2። ለግዙፍ የቁጥር ድርድር ግን አልተሠራም፤ በዚያ ሥራ ላይ ማሰማራት ማጥፋት ነው።

የዚህ መንገድ ዋጋ ጥገኝነት ነው። በጣም ትንሽ መሣሪያ ላይ ኤችዲኤፍ5ን መጫን አይታሰብም፤ የፋይል ቅርጸቱም በእጅ ተጽፎ የሚነበብ ቀላል ነገር አይደለም። እንዲህ ባለ ቦታ ሦስተኛው መንገድ ይመረጣል።

የቆዩ ፋይሎች እጅዎ ላይ ካሉ

ይህ ምርጫ ሳይሆን ውርስ ነው። ፋይሎቹ አልፎ አልፎ የሚነበቡ ከሆነ እንዳሉ ትቶ አንባቢውን ማስተካከል ይቻላል። ጂፎርትራን የተባለው የፎርትራን ኮምፓይለር ፕሮግራሙ ሲጠናቀር በሚሰጠው አማራጭ ወይም ሲሮጥ በአካባቢ ተለዋዋጭ «ይህን ፋይል ቢግ ኤንዲያን ብለህ አንብብ» ሊባል ይችላል፤ ማትላብ ፋይል ሲከፍት ይጠየቃል፤ ነምፓይም በዓይነቱ ስም ላይ ይቀበላል። ዘወትር የሚነበቡ ከሆነ ግን አንድ ጊዜ ወደ አዲስ ቅርጸት ማሻገርና ዋናውን ሳይነኩ ማስቀመጥ ይሻላል።

ሲያሻግሩ ፋይሉን በጅምላ አይገልብጡ። በዩኒክስ ያለው «ዲዲ» ትእዛዝ ባይቶችን ሁለት ሁለት እያደረገ የሚያቀያይር አማራጭ አለው፤ ይህ የሚጠቅመው ፋይሉ በሙሉ ባለ ሁለት ባይት ቁጥሮች ከሆነ ብቻ ነው። ጽሑፍ፣ ባለ አራት ባይት ቁጥርና ባለ ስምንት ባይት ቁጥር የተደባለቁበት ፋይል ላይ ከተለቀቀ ሦስቱንም ያበላሻል። መገልበጥ ያለበት እያንዳንዱ መስክ በራሱ ስፋት ነው።

የነጥብ ቁጥር ሲገለበጥ ደግሞ እንደ ሙሉ ቁጥር ተይዞ፣ ተገልብጦ፣ መጨረሻ ላይ ብቻ ወደ ነጥብ ቁጥር ይለወጥ። ያልተገለበጠውን ወይም ግማሽ የተገለበጠውን ዋጋ በነጥብ ቁጥር ተለዋዋጭ ውስጥ ማሳለፍ አንዳንድ ፕሮሰሰሮች ላይ ቢቶቹን ሊቀይራቸው ይችላል። እውነተኛ የቆዩ ፋይሎች ላይ ሌላም ይጠብቃል፦ ለነዳጅ ፍለጋ የሚውለው የ1975ቱ ሴግ-ዋይ ቅርጸት ቢግ ኤንዲያን ብቻ ሳይሆን የነጥብ ቁጥሮቹ በአይቢኤም የቀድሞ ደንብ የተጻፉ ናቸው። ባይቱን በትክክል ገልብጦ ቁጥሩ አሁንም የተዛባ የሚሆንበት ሰው ብዙ ጊዜ እዚህ ጋ ነው የሚጠፋው።

የመረጡትን እንዴት ይፈትኑታል?

በአንድ ማሽን ላይ ጽፎ በዚያው ማሽን ማንበብ ፈተና አይደለም፤ ሁለቱም ወገን ቢሳሳት ስህተቶቹ እርስ በርስ ይጠፋፋሉ። ባይቶቹ በእጅ ተሰልተው የተጻፉ አነስተኛ የናሙና ፋይል ከኮዱ ጋር ይቀመጥ፤ ፈተናው ያንን ፋይል ያንብብ፤ ሲጽፍም ባይት በባይት ያንኑ ያውጣ። በናሙናው ውስጥ 0 እና -1 ምንም እንደማይፈትኑ ከላይ አይተናል። 16,909,060 ጥሩ ቁጥር ነው፤ ባይቶቹ ከትልቁ ጀምሮ 1፣ 2፣ 3፣ 4 ናቸው፤ ተገልብጦ ከተነበበ 67,305,985 ይሆናል፣ እንደ ፒዲፒ-11 ከተቀያየረም ወዲያው ይለያል። አንድ አሉታዊ ቁጥር፣ አንድ የነጥብ ቁጥርና አንድ ባለ ስምንት ባይት ቁጥር ይጨመሩበት።

እውነተኛ ቢግ ኤንዲያን ማሽን ማግኘት ለብዙዎች አይቻልም። ኪውኢኤምዩ የተባለው አስመሳይ ፕሮግራም ግን የአይቢኤም ሜይንፍሬምን ፕሮሰሰር በተራ ላፕቶፕ ላይ ያስመስላል፤ ዴቢያን የተባለው ሊኑክስ ለዚያው ፕሮሰሰር የተዘጋጀ ሥርጭት ስላለው ፈተናዎቹን በዚያ ማሮጥ ይቻላል። ዝግ ይላል፤ ለፈተና ግን ይበቃል።

ከፋይሉ ጋር የሚሄደው ሰነድም ረጅም መሆን የለበትም። ለምሳሌ እንዲህ ቢል ይበቃዋል፦ «ቁጥሮች ሁሉ ሊትል ኤንዲያን ናቸው። ሙሉ ቁጥሮች ምልክት ያላቸው ባለ 32 ቢት፣ የነጥብ ቁጥሮች ባለ 64 ቢት አይትሪፕልኢ 754 ናቸው። በመስኮች መካከል ባዶ ባይት የለም። ጽሑፍ ዩቲኤፍ-8 ነው። ፋይሉ በ4፣ 3፣ 2፣ 1 ይጀምራል፤ ይህ 16,909,060 ሆኖ ካልተነበበ አንባቢው ይቁም።»